ከሸዋ ሮቢት ዳገት የለቀምኩት የግራር ዘር ለምን አልበቀለም?

ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ቀወት ውስጥ፣ ከአባቴ የደረሰኝ አንድ ጭንጫ ዳገት አለ። እህል አይዘራበትም። ልጅ ሆኜ ግራር ነበረበት፤ ግራሩ ለከሰል አለቀ። አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ታች ያሉ ሰዎች ማሳ ላይ ይጥለዋል። ይሄን ዳገት መልሼ ዛፍ ላለብሰው ቆርጫለሁ። ችግኝ መግዛት አልፈለግኩም። የዚያው አገር ድርቅ የቻለ ዛፍ፣ ዘሩም ይችላል ብዬ ነው።

ካቻምና በጋ ላይ ዘር ለቀምኩ፦ ግራር፣ ወይራ፣ ክትክታ። ዓምና ጥቅምት ላይ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤቴ ጓሮ በችግኝ ላስቲክ ዘራሁት። ከ120 የግራር ዘር ዘጠኝ ብቻ በቀለ። ከ60 ወይራ አንድም የለም። ክትክታው አራት። ከዘጠኙ ግራሮች ስድስቱን የታኅሣሥ ውርጭ አቃጠላቸው። የተረፉትን ሦስቱን ሐምሌ ላይ ወስጄ ዳገቱ ላይ ተከልኩ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሄጄ ሳይ ሦስቱም ደርቀዋል። ዘሩን ከመዝራቴ በፊት ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ይሄን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት አንድ ማታ ነው። በሁለት ሳምንት 23 መልስ መጣ። የመልሶቹ ክር ረዝሞ ስለተበታተነ፣ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይደክም የተባለውን በየተራው በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ መልስ። ከምንጃር ነው። ሰውየው በትህትና ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። የግራር ዘር አልሞተም፣ ተዘግቷል ነው የሚለው። ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም። ዝናብ ቢዘንብበትም እኛ ብናጠጣውም አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለቆላ ዛፍ ይሄ መድኅኑ ነው። አንድ ቀን ጥሎ በሚጠፋ ዝናብ ሁሉም ዘር ቢበቅል ኖሮ፣ በሳምንቱ ሁሉም በፀሐይ ባለቀ ነበር። መፍትሔው የፈላ ውሃ ነው። ውሃውን አፍልቶ ከእሳት ላይ ማውረድ፣ ከዚያ ዘሩ ላይ መገልበጥ። የውሃው መጠን ከዘሩ ከአምስት እስከ አስር እጥፍ ይሁን። እየቀዘቀዘ እዚያው ይደር። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አስጠነቀቀ፦ ውሃው እሳት ላይ እየፈላ እያለ ዘሩን የሚጨምር ሰው ዘሩን ቀቀለው ማለት ነው።

2ኛ መልስ። ከዓለም ከተማ የጻፈች እህት የፈላ ውሃው ላይ ቅሬታ አላት። ለብዙ ዘር ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ዘር ግን ጥፍር መቁረጫ ይበልጣል ትላለች። ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጫፍ አይነኩም፤ ፅንሱ እዚያ ነው። ከዚያ በተቃራኒ ያለውን ጠርዝ፣ ነጩ እስኪታይ ድረስ ብቻ ቅንጥስ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ያበጠው ይዘራል። ያላበጠው እንደገና ይቀነጠሳል።

ይሄን ያነበብኩ ማታ መታገሥ አልቻልኩም። ጣሳው ውስጥ የቀረ ዘር ነበረኝ። ሁለት የሲኒ ማስቀመጫ አምጥቼ አንዱ ላይ 20 የተቀነጠሰ፣ ሌላው ላይ 20 ያልተነካ ዘር ውሃ ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ሄጄ አየሁ። ከተቀነጠሱት 18ቱ በእጥፍ አብጠዋል። ጥቁር ቡናማ የነበረው ቅርፊት ፈዝዟል፣ ሲነኩት ያሟልጫል፣ የተቀነጠሰው ጋ ስንጥቅ ብሎ ነጩ ይታያል። ካልተነኩት ያበጠው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት 19ኙ ማታ እንዳስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ጣት ላይ ሲወድቁ እንደ ጠጠር ይጮኻሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ሳጠጣ የከረምኩት ለእንዲህ ያለ ጠጠር ነበር።

3ኛ መልስ። ኤፍራታ ያደጉ አባት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ፍየል ሲጠብቁ የግራር ዘር የሚያዘጋጅ ሰው አያውቁም። ፍየሎቹ ቀን የግራር ፍሬ ይበላሉ፣ ማታ ጉሮኖ ይገባሉ። በልግ ሲጥል በጠጡ በተከመረበት ጥግ ግራሩ እንደ ጎመን ይፈላ ነበር ይላሉ። ስለዚህ የምክራቸው ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ አሮጌ ጉሮኖ ፈልግ፣ በጠጡን ሰብረህ ዘሩን አውጣ፣ የፍየሏ ሆድ ሥራውን ጨርሶልሃል።

4ኛ መልስ። ምስጋና ብቻ። አባባን ዕድሜ ይስጥልን ብሎ ሄደ።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው እንደዚህ ያለ ወሬ ሰው ያሳስታል ብሎ ነው የጀመረው። ፍየል ብዙውን ዘር አኝካ ትፈጨዋለች፤ ሳይሰበር የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፣ ካለፈውም የሚበቅለው ሁሉም አይደለም። ደግሞ ማንም ያላነሳውን አነሳ፦ ነቀዝ። የግራር ፍሬ መሬት ላይ ወድቆ በከረመ ቁጥር ነቀዝ ይገባበታል። እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይጥላል፣ ትሉ ዘሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ሲያድግ ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ዘሩን ከመሬት ነው የለቀምከው ወይስ ከዛፍ ላይ ብሎ ጠየቀኝ። ከመሬት ነበር። ጣሳዬን ገልብጬ በፀሐይ ሳየው ከሦስቱ አንዱ ቀዳዳ አለው። አነጋገሩ ቢሻክርም ነገሩ እውነት ነው።

6ኛ መልስ። አባባ ተመለሱ። አልተቆጡም። ጥቂቱ ቢያልፍም ፍየሉ ብዙ ነው፣ ፍሬውም ብዙ ነው አሉ። ደግሞ ፍየል ትኩሱን ፍሬ ስለምትበላ ነቀዙ ሳይጨርሰው ትቀድመዋለች ብለው ጨመሩ። 5ኛው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ፤ አንዱ የሚያወራው ስለ ጣሳ ሙሉ ዘር ነው፣ አንዱ ስለ አንድ አገር ፍየል።

7ኛ መልስ። በአጭሩ፣ ዘሩን ውሃ ላይ አድርጎ የተንሳፈፈውን መጣል ይበቃል የሚል ነው።

8ኛ መልስ። ይሄ ሁሌ አይሠራም ብሎ አረመው። ነቀዝ ጀምሮት ያልጨረሰው ዘር ይሰምጣል፤ ደህናውም አንዳንዴ ይንሳፈፋል። ዓይንህን እመን አለ።

9ኛ መልስ። ወይራ አልበቀለም ያልኩትን ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ነው። የወይራ ነገር ከግራር ይለያል አለ። እዚያ ያለው ችግር ሥጋው ውስጥ ያለው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ነው። የበሰለውን ጥቁር ፍሬ ወዲያው ለቅሞ፣ ሥጋውን በውሃ አሽቶ ማስወገድ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ቅርፊቱን ውስጡ ሳይጎዳ ጫፉን ቆርጦ ወይም ፈርክሶ መዝራት። ከዚያም ትዕግሥት። ወይራ ለመብቀልም ለማደግም ቀስ ስለሚል፣ ለሐምሌ ተከላ ከግራር ብዙ ወር ቀድሞ መዘራት አለበት። ደጉ ዘር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው፣ ካህናቱን አስፈቅደህ ልቀም ብሎኛል።

10ኛ መልስ። ክሩ የሳተው እዚህ ነው። አንድ ሰው ይሄ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አልገባውም። ባሕር ዛፍ ትከል፣ በአምስት በስድስት ዓመት አጣና ትሸጣለህ ነው የሚለው። ግራር ልጅህ እንኳ አይጠቀምበትም፣ ስሜት ቤት አያሠራም አለ።

11ኛ መልስ። ጠንከር ያለ ቁጣ። ባሕር ዛፍ ምንጭ አድርቋል፣ አጠገቡ እህል አይበቅልም፣ ሥሩም ሳር የለም ተባለ።

12ኛ መልስ። አንድ የደብረ ብርሃን ሰው መሃል ገባ። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ደጋው ላይ የቀረው ጥድም ለማገዶ ባለቀ ነበር አለ። የእናቱ ቤት ምሰሶውም ማገሩም ባሕር ዛፍ ነው። እኔ ይሄን ሰው አልቃወምም። ዳገቴ ግን ቆላ ነው፣ ምስጥም አለበት፣ የምፈልገውም አፈር የሚይዝና ፍየልና ንብ የሚጠቀምበት ነገር ነው። አጣና አይደለም።

13ኛ መልስ። ድርቅ የሚችል ከሆነ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ የሚያህል የለም፣ ዘሩንም ከአፋር በኩል በቀላሉ ታገኛለህ የሚል ምክር።

14ኛ መልስ። በዚህ ክር ከተጻፉት ሁሉ የከረረው ይሄ ነው፣ መክረሩም ተገቢ ይመስለኛል። ጸሐፊው ወደ አዋሽ የሚወርደውን ቆላ ያውቃል። ፕሮሶፒስ በረሃውን ይከላል ተብሎ መጥቶ የግጦሹን መሬት እንዴት እንደዋጠው በዓይኑ አይቷል። ሳሩን ያጠፋል፣ እሾሁ የከብት እግር ይወጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የሚዛመተውም አባባ በ3ኛው መልስ እንዳሉት ነው፦ ግመልና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፣ ዘሩን በፋንድያቸው ይዘሩታል። የኛን ግራር የሚያባዛው መንገድ ይሄንንም ያባዛዋል። ዘሩን ተሸክሞ ሽቅብ የሚያመጣ ሰው ጎረቤቶቹን ሁሉ እየበደለ ነው ብሎ ጨረሰ። 13ኛው ሰው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን ለማጥፋት ሞክሯል፤ እኔ ግን ሌላም ሰው ይማርበት ብዬ ጠቅሼዋለሁ።

15ኛ መልስ። ይሄ እኔን የመታኝ ነው፣ በቀስታ ቢሆንም። አንድ የሸዋ ሮቢት ሰው የቆላ ዛፍ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አሳደግክ አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። 1,500 ሜትር ያህል ልዩነት። ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል፣ ደብረ ሲና ላይ ካፖርት እናወልቃለን፣ ሮቢት ስንደርስ በከነቴራ እንቀራለን። ያ ችግኝ ግን ካፖርትም አልነበረው። ችግኙን ከሚተከልበት ቦታ አጠገብ አሳድገው፣ ውርጭም አይነካው፣ ፀሐዩንም ከመጀመሪያው ይልመደው ነው ምክሩ። ደግሞ ለቤቱ ጥላ ኒም ከፈለግኩ ዘሩን እንዳላስቀምጥ ነገረኝ። የኒም ዘር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነፍሱ ይወጣል፤ ደረቅ ቦታ ለዓመታት የሚቀመጠው የግራር ዘር ነው።

16ኛ መልስ። ረጅሙ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ናት። እስካሁን የመጣው መልስ ሁሉ ስለ ዘር ነው፣ ማንም ስለ ሥር አልጠየቀም ብላ ጀመረች። ድርቅ የሚችለው ዛፉ ሥሩን ወደ ታች ሲልክ ነው። ግራር ከላይ ሁለት ጣት ሳይሞላ ከታች አንድ ስንዝር ይወርዳል። ያንን ሥር አጭር ላስቲክ ውስጥ ዘጠኝ ወር ካሰርነው ድርቅ መቻሉን ወሰድንበት ማለት ነው። ከዚያ አንድ ነገር አዘዘችኝ፦ የደረቁትን ሦስት ችግኞች ነቅለህ ሥራቸውን እይ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። የመጀመሪያውን በዶማ ዙሪያውን ቆፍሬ ከነአፈሩ አወጣሁት። አፈሩ አሁንም የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነው። በእጄ ስፈረፍረው ዋናው ሥር ታየኝ። ቀጥ ብሎ ወርዶ የላስቲኩ ቂጥ ጋ ሲደርስ ታጥፏል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ዞሮ እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሟል። ከዚያች ልቃቂት አንድም ሥር ወደ ዳገቱ አፈር አልወጣም። ከጎኑ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ማንም ያልተከላት የግራር ቡቃያ አለች፤ ከኔ ችግኝ ታንሳለች፣ ግን አረንጓዴ ናት። እሷን መንቀል አልደፈርኩም። ቁጭ ብዬ ሁለቱን ሳይ ቆየሁ።

የሴትየዋ ምክር ይሄ ነው። ግራሩ ጥቅምት ላይ አይዘራ፤ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ይብቃው፣ ሐምሌ ላይ ሦስትና አራት ወር ይሞላዋል። ላስቲኩ ረዘም ያለ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ችግኙን እያነሱ ከታች የወጣውን ሥር መቁረጥ። ከመተከሉ በፊት ባለው ወር ውሃውን እየቀነሱ፣ ጥላውን እያነሱ ማለማመድ። ሲተከል ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፤ ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው አሁንም አለ አለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ግማሹን ዘር በቀጥታ ዳገቱ ላይ መዝራት ነው። ክረምቱ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ የተቀነጠሰና አድሮ ያበጠ ዘር፣ ጉድጓድ ላይ ሦስት ሦስት፣ የዘሩን ውፍረት እጥፍ ያህል ብቻ አፈር አልብሶ። ከጉድጓዱ በታች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ድንጋይ መደርደር፣ የሚወርደውን ውሃ እንዲይዝ።

17ኛ መልስ። ይሄ ወረቀት ላይ ያምራል ብሎ አንድ ሰው ተቃወመ። ቆቅና አይጥ ዘሩን ጠርገው ይበሉታል፣ የተረፈውን ፍየል ትጨርሰዋለች። እሱ ራሱ መርሐቤቴ ላይ ሞክሮ አንድም አላገኘም።

18ኛ መልስ። ሴትየዋ ስንት ዘር እንደዘራና ቦታውን አጥሮ እንደሆነ ጠየቀችው። አላጠረም። እንግዲያው ያልበቀለው ዘሩ አይደለም፣ አጥሩ ነው አለችው። ትንሽ ተነካ መሰለኝ፣ አልተመለሰም።

19ኛ መልስ። እኔ የጠየቅኩትን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው። መጀመሪያ ዛፍ አትትከል፣ ቁጥቋጦ መልስ ይላል። ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋም። ክትክታ ጭንጫ ላይ ይበቅላል፣ ፍየልም ብዙ አትደፍረውም፤ ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ በጥፍር መቁረጫ አይሞከርም፣ የፈላ ውሃ ነው የሚሻለው። አጋም እሾሁ አጥር ነው። ወፍ አጋሙ ላይ አርፋ የወይራ ፍሬ ትጥላለች፤ ወይራው በእሾሁ ውስጥ፣ በጥላው ሥር ተደብቆ ያድጋል። ይሄን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያደግኩበት ቀበሌ ያሉት ወጣት ወይራዎች ሁሉ ከአጋም ወይም ከደደሆ መሃል የወጡ ናቸው። ለምን እንደሆነ አስቤው ግን አላውቅም ነበር።

20ኛ መልስ። የስም ክርክር። አንዱ ገርቢ ያለውን ሌላው ዝም ብሎ ግራር ይለዋል። ገርቢ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ በጋ የሚለመልመው ነው፤ የምንጃር ገበሬ ማሳው መሃል የሚተወውም ለዚህ ነው፣ ጤፉን አያጠላበትም። አንድ የተማረ ሰው የሳይንሱም ስም ቢሆን አንድ እንዳልሆነ አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ የዕፅዋት ሊቃውንት አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲቀር ወሰኑ። የአፍሪካዎቹ ግራሮች ቫቼሊያ እና ሴኔጋሊያ ተባሉ። ገርቢ ደግሞ ቀድሞውኑ ለብቻው ፌይደርቢያ ነው። ዘር ስትለዋወጡ ስሙን ብቻ አትመኑ፣ ፍሬውን አሳዩ የሚለው ምክሩ ጠቃሚ ነው።

21ኛ መልስ። ከርዕሱ ወጣ፣ ግን ደስ አለኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስወስደው መናገሻን አስተከሉ ተብሎ የሚነገረውን አነሳ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ ናቸው። ከአንኮበርና ከደብረ ሲና መሃል ካለው ከዚያ ጫካ ዘር ተሸክሞ ሸዋን አቋርጦ የሄደ ሰው ነበረ ማለት ነው። ጥዱ ለኔ ዳገት እንደማይሆን ራሱ ጸሐፊው ተናግሯል፣ የደጋ ዛፍ ነውና።

22ኛ መልስ። ምሬት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እየተባለ ስንት እንደተተከለ ይነገረናል፣ በጋውን ስንቱ እንዳለፈ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው አለ። ሁለት ሦስት ሰው በመውደድ ምልክት ደገፈው። ፖለቲካ እንዳይሆን ብዬ አላራዘምኩትም። ግን እኔም ሦስት ተክዬ ሦስቱም ደርቀውብኛልና የሚለው ይገባኛል። ዘንድሮ ደብተሬ ላይ የምጽፈው ኅዳር ላይ የቆመውን ቁጥር ነው።

እኔም መልሼ ጻፍኩ። ዳገቱን ከታች በኩል በአጋም እሾህ ማጠር ጀምሬያለሁ። 18ቱን ያበጡ ዘሮች ሮቢት እህቴ ቤት፣ ረጅም ላስቲክ ውስጥ ዘርቻቸዋለሁ፤ ጊዜያቸው ገና ቢሆንም መጣል አልሆነልኝም። እስከ ትናንት ማታ 14ቱ ብቅ ብለዋል።

23ኛ መልስ። ከሰንበቴ በኩል ያለ ወጣት ነው። ዘር እንለዋወጥ፣ ገበያ ቀን እንገናኝ አለኝ። እኔ ለሱ ከአንኮበር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የለቀምኩትን ወይራ፣ እሱ ለኔ ግማሽ ጣሳ የገርቢ ዘር። እሺ አልኩት። ከመሬት ነው የለቀምከው ወይስ ከዛፍ ላይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ገና አልመለሰልኝም።